መርከብ ከሰመጠ በኋላ

የባሕር ጦርነት ፊልሞች ብዙውን ጊዜ የሚያልቁት አንድ ቦታ ላይ ነው። ቶርፒዶው ይመታል፣ መርከቧ ታጋድላለች፣ ዘይት በለበሰው ውሃ ላይ ሰዎች ይጮኻሉ፣ ከዚያ ካሜራው ፊቱን ያዞራል። «ግሬይሀውንድ» (2020) ላይ ቶም ሀንክስ አትላንቲክን የሚያቋርጡ የንግድ መርከቦችን ያጅባል። ፊልሙ የሚቆመው እነሱን ለማትረፍ ነው፤ እኛ ግን የምናያቸው ከሩቅ፣ እንደ ጥላና እንደ እሳት ነጸብራቅ ነው። «ዳስ ቡት» (1981) ይሻላል። የሚነድ ታንከር ላይ ገና ሰው እንዳለ ያሳየናል፤ መጨረሻ ላይም ያን ሁሉ ባሕር ያለፈችው ሰርጓጅ መርከብ ወደቧ ከገባች በኋላ በአውሮፕላን ድብደባ ትሰምጣለች። እሱም ግን እዚያው ያበቃል። መርከቧ ሰመጠች፣ በቃ።

እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያ ሁሉ ብረት የት ገባ? ወደቡን ማን አጸዳው? በማግስቱ ጠዋት ሥራ የገቡት እነማን ናቸው? ይህን ጥያቄ ከምር የሚመልስ መጽሐፍ ያገኘሁት ከጠበቅሁት ቦታ አይደለም። ደራሲው አሜሪካዊ የባሕር ኃይል ኢንጂነር ነው፤ ታሪኩ የሚካሄደው ደግሞ ምፅዋ ላይ ነው።

ሰውየው ኤድዋርድ ኤልስበርግ ይባላል። መጽሐፉ «አንደር ዘ ሬድ ሲ ሰን»፣ ወደኛ ስናመጣው «ከቀይ ባሕር ፀሐይ በታች» እንደማለት፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ነው የታተመው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ካላልኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኤልስበርግ የሰመጠ ነገር ማውጣት ሙያው ነበር። በ1920ዎቹ «ኤስ-51» የተባለችውን የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ከባሕር ወለል ያወጣውን ሥራ መርቷል፣ መጽሐፍም ጽፎበታል። ከዚያ ከባሕር ኃይሉ ወጥቶ ነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ፐርል ሃርበር ሲመታ ዕድሜው 50 ደርሷል፤ ተመልሶ ዩኒፎርም ለበሰ። በ1942 የላኩት ምፅዋ ነው፤ በሰው እጅ ሆን ተብሎ የተሰባበረ ወደብ እንዲጠግን።

መጽሐፉን የማነበው እንደ ታሪክ ተማሪ አይደለም። ኢንጂነሪንግ ተምሬ ሶፍትዌር የምጽፍ ሰው ነኝ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ የምጽፈው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ቀኔ የሚያልፈው ሌላ ሰው ጽፎት የሄደውን ሲስተም ስጠግን ነው። ስለዚህ ይህ መጽሐፍ ጎበዝ የሆነበትን ቦታም፣ የሚያናድድበትንም ቦታ የማየው ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

ወደቡ እንዴት ሞተ

ኤልስበርግ ሲደርስ መርከቦቹ ውሃ ውስጥ ናቸው። እንዴት እንደገቡ በዝርዝር አይተርክም፤ እሱን የሚያስጨንቀው መውጫቸው ነው። ለአንባቢ ግን መግቢያውም ያስፈልጋል።

ጣሊያን በሰኔ 1940 ጦርነት ስትገባ ቀይ ባሕር ላይ የነበሩት መርከቦቿ ተቆለፉ። በሰሜን ስዊዝን የያዘችው እንግሊዝ ናት፤ በደቡብም ኤደን ላይ ያለችው እሷው ናት። ምፅዋ ላይ የጣሊያን አጥፊ መርከቦችና ሰርጓጅ መርከቦች ብቻ አልነበሩም። ጦርነቱ ሲጀመር መጠጊያ ፈልገው የገቡ የጀርመን የንግድ መርከቦችም ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ የብሬመኑ ሀንሳ ኩባንያ መርከቦች ስማቸው ሁሉ «ፌልስ» ብሎ ያልቃል፤ ሊበንፌልስ፣ ፍራውንፌልስ፣ ሊክተንፌልስ። ፌልስ በጀርመንኛ ቋጥኝ ማለት ነው። ጭነው ለመሄድ የተሠሩ መርከቦች እንደ ስማቸው አንድ ቦታ ተተክለው ቀሩ።

በ1941 መጀመሪያ መጨረሻው ሲታወቅ ማምለጥ የሚችል ሁሉ አመለጠ። «ኤርትራ» የተባለችው የቅኝ ግዛት የጦር መርከብ በየካቲት ወጥታ ጃፓን ኮቤ ደረሰች። «ራምብ 1» የተባለችው፣ ሙዝ ለማመላለስ ተሠርታ መድፍ የተጠመደባት መርከብ፣ በዚያው ወር ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የኒውዚላንዷ ክሩዘር ሊያንደር ደርሳባት ሰመጠች። በሕይወት የተረፉት አራት ሰርጓጅ መርከቦች ደግሞ አፍሪካን ዞረው፣ መልካም ተስፋ ርእሰ ምድርን አልፈው፣ በግንቦት ፈረንሳይ ቦርዶ ገቡ። እስቲ አስቡት፤ ጠባብ የብረት ቱቦ ውስጥ ሆኖ አህጉር መዞር።

አጥፊ መርከቦቹ ሩቅ የሚወስድ ነዳጅ መያዝ አይችሉም ነበር። ከረን በመጋቢት መጨረሻ ወደቀች። በሚያዝያ መጀመሪያ ቀሪዎቹ አጥፊዎች ፖርት ሱዳንን ለመምታት ወጡ፤ ሁሉም መመለስ እንደሌለ ያውቁ ነበር። «ናዛሪዮ ሳውሮ» እና «ዳኒኤሌ ማኒን» በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሰመጡ። «ፓንቴራ» እና «ቲግሬ» የዐረቢያ ጠረፍ ላይ በገዛ ሠራተኞቻቸው እጅ ተደመሰሱ። ሚያዝያ 8 ቀን 1941 ምፅዋ እጅ ሰጠች።

ከዚያ በፊት ግን ጣሊያኖቹ ወደቡን ገደሉት። መንቀሳቀስ የማይችሉትን መርከቦች፣ የንግዱንም የጦሩንም፣ በየመግቢያው አሰልፈው ሆዳቸውን በቦምብ ቀደዱ። ምፅዋ ሦስት የመርከብ ማቆሚያዎች አሏት፤ ሦስቱም ተዘጉ። ሁለቱን ተንሳፋፊ ዶኮች አሰመጡ። ወርክሾፕ ውስጥ ያሉትን ማሽኖችም በመዶሻ ሰባበሩ። ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ሲስተም ማፍረስ የሚያውቅ ሰው የሚያፈርሰው እንዲህ ነው፤ ሁሉን ነገር አይነካም፣ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለበትን ክፍል ነው የሚመታው።

ጀሪካኑ

የመጽሐፉ ልብ ትልቁ ዶክ የወጣበት ክፍል ነው። ሰው አንድ ምዕራፍ ብቻ የማንበብ ትዕግሥት ካለው ያንን ያንብብ እላለሁ።

ተንሳፋፊ ዶክ ማለት ቅርጹ የ«ሀ» ፊደል ነው። ከታች ባዶ የብረት ሳጥኖች፣ ግራና ቀኝ ረጃጅም ግድግዳዎች። ሳጥኖቹ ውስጥ ውሃ ስታስገባ ይጠልቃል፤ መርከቧ በግድግዳዎቹ መካከል ትገባለች፤ ውሃውን በፓምፕ ስታወጣ ዶኩ መርከቧን ተሸክሞ ይነሳል። ከዚያ ሆዷን መፋቅ፣ መቀባት፣ መጠገን ይቻላል። ይህ የቅንጦት ነገር አይደለም። ሞቃት ባሕር ላይ የቆየች መርከብ ሆዷ ላይ ዛጎልና የባሕር ቅጠል ይበቅላል፤ ፍጥነቷ ይወርዳል፣ ነዳጅ ትበላለች። በ1942 ሮሜል ወደ እስክንድርያ ሲገፋ እንግሊዞች ለመርከቦቻቸው ሌላ መታጠቢያና መጠገኛ ያስፈልጋቸው ነበር። ከምፅዋ ውጭ ያለው አማራጭ ደቡብ አፍሪካ ድረስ መሄድ ነው።

የሰመጠውን ዶክ የእንግሊዝ ባለሙያዎች አይተው «አይወጣም» ብለዋል። ምክንያታቸው ሞኝነት አይደለም። ቦምቦቹ የሳጥኖቹን ወለል ቀድደዋል፤ ቀዳዳዎቹ ትልልቅ ናቸው። በተለመደው መንገድ ጠላቂዎች ወርደው እያንዳንዱን ቀዳዳ ውሃ ውስጥ መድፈን አለባቸው፤ ከዚያ ነው ውሃው በፓምፕ የሚወጣው። ያን ያህል ጠላቂም፣ ላሜራም፣ ጊዜም የለም።

ኤልስበርግ ጥያቄውን ገለበጠው። ቀዳዳው ከታች ከሆነ ለምን ይደፈናል?

ቤት ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ። ክዳን የሌለው ጀሪካን ገልብጣችሁ፣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ በርሜል ውሃ ውስጥ አስገቡት። በቱቦ አየር ከሥሩ ንፉበት። አየሩ ወደ ላይ ሄዶ ጀሪካኑ ታች ላይ፣ ማለትም አሁን ጣሪያ በሆነው ላይ፣ ይከማቻል። ውሃውን እየገፋ በተከፈተው አፍ ያስወጣዋል። ጀሪካኑ ይነሳል። አፉን መክደን አላስፈለገም፤ እንዲያውም ውሃው የሚወጣው በእሱ ነው። መከደን ያለበት ላይኛው ብቻ ነው፤ እዚያ ቀዳዳ ካለ አየሩ ያመልጣል።

ዶኩም እንደዚያው ነው። ጠላቂዎቹ ላይኛውን ደፈኑ፤ ከታች ያለውን የቦምብ ቀዳዳ እንዳለ ተዉት፤ ከየቦታው በተለቃቀሙ ኮምፕሬሰሮች አየር ነፉበት። ትልቁ ዶክ በዘጠኝ ቀን ተነሳ።

ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ መጽሐፉ ጎበዝ የሚሆነው ቀላል አለመሆኑን ስለሚያሳይ ነው። አንዱ ጫፍ ቀድሞ ከተነሳ ዶኩ ይዘነበላል፣ አየሩ ወደ ከፍታው ጎን ይሸሻል። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የውሃው ግፊት ስለሚቀንስ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል፣ ብዙ ውሃ ያስወጣል፣ መነሳቱ በራሱ ይፈጥናል። ኮምፕሬሰር ከቆመ የተሸነፈው ውሃ ተመልሶ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ምፅዋ ላይ፣ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ብረት በባዶ እጅ በማይነካበት ሙቀት ውስጥ ነው። ኤልስበርግ ድራማውን የሚፈጥረው በጀግንነት ንግግር አይደለም። የግፊት መለኪያ ላይ ያለችው መርፌ አልንቀሳቀስ ስትል ነው ልባችን የሚመታው። ቴክኒክን ወደ ታሪክ መለወጥ የሚችሉ ጸሐፊዎች ብዙ አይደሉም፤ ወይ ያቀልሉታል ወይ ያደርቁታል። እሱ ሁለቱንም አላደረገም።

ከዶኩ ቀጥሎ የምወደው የወርክሾፑ ታሪክ ነው። የተሰባበሩትን ማሽኖች ለማስነሳት አዲስ ዕቃ ከአሜሪካ መጠበቅ አልሆነለትም። ስለዚህ ያለው ተለቃቅሞ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ተሸጋግሮ፣ የጎደለው እንደገና ተሠርቶ ማሽኖቹ ተነሱ። ይህን ከሠሩት ውስጥ ጣሊያን እስረኞች አሉበት። ትናንት የነሱ ወገን የሰበረውን ዛሬ እነሱ ሲጠግኑት ኤልስበርግ ሙያቸውን ሳይነፍግ ይጽፋል። ለዚህ ክብር ይገባዋል።

እዚህ ጋር የራሴን ሥራ ላነሳ። ዩኒቨርሲቲ የተማርነው ከዜሮ መገንባትን ነው። ፕሮጀክት ሁሉ ባዶ ፎልደር ከፍቶ ይጀምራል። ሥራ ዓለም ስትገባ ግን ባዶ ፎልደር የሚሰጥህ የለም። የሚሰጥህ የሰመጠ ዶክ ነው፤ የሠራው ሰው ለቋል፣ ማብራሪያ አልጻፈም፣ ደንበኛው ደግሞ ዛሬ ይፈልገዋል። የጀማሪ የመጀመሪያ ስሜት «ይሄ አይጠገንም፣ ከአዲስ እንጻፈው» ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። ኤልስበርግ የሚያስተምረው ግን ከዚያ ውሳኔ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ የትኛው ቀዳዳ ነው የሚያሰምጠኝ፣ የትኛው ነው እንዳለ ቢተው የማይጎዳኝ? ስለ አሮጌ ሲስተም ጥገና ከተጻፉ ዘመናዊ መጻሕፍት ውስጥ ይህን በዚህ ግልጽነት ያስቀመጠልኝ አላጋጠመኝም።

«እኔ» የበዛበት መጽሐፍ

አሁን ወደ ማያስደስተው ልሂድ።

የመጀመሪያው ችግር ዜማው ነው። አንድ መኮንን «አይቻልም» ይላል፤ ኤልስበርግ ይናደዳል፤ ይሠራል፤ ይቻላል። አንደኛው ላይ ትደሰታለህ፣ ሦስተኛው ላይ ፈገግ ትላለህ፣ ስድስተኛው ላይ «እስቲ አንዴ እንኳን ሌላው ሰው ልክ ይሁን» ማለት ትጀምራለህ። ቢሮክራሲው እውነት አላንቀሳቅስ ብሎት እንደነበር አልጠራጠርም። ግን ያ ሁሉ ተቃዋሚ በአንድ ድምፅ ሲናገር ሰዎቹ ሰው መሆናቸው ቀርቶ ለእሱ ድል የተሰለፉ ኢላማዎች ይሆናሉ። እንግሊዞቹ በዚያው ጊዜ ሜዲትራኒያን ላይ መርከብ በመርከብ ላይ እያጡ ነበር። ኤልስበርግ ይህን ያውቃል። ምፅዋ ለጥገና የመጡት ክሩዘሮች፣ ዲዶ፣ ዩሪያለስና ክሊዮፓትራ፣ ከዚያው ጦርነት የመጡ ናቸው። ከኢራን ተይዞ የመጣው ሌላኛው ዶክ ሙሉ ክብደታቸውን መሸከም ስለማይችል የኋላ ጫፋቸውን ብቻ አንስቶ ያሠራበት ክፍል ከመጽሐፉ ምርጥ ገጾች ውስጥ ነው። እዚያ ላይ ከእንግሊዝ መርከበኞች ጋር ሲሠራ ሰው ናቸው። ወረቀት ሲጠይቁት ነው ካርቱን የሚሆኑት።

ሁለተኛው ችግር ይብሳል፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም በእሱ ምክንያት ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ መርከብ ሁሉ ስም አለው። የሰመጠው የጀርመን ዕቃ ጫኝ ስም አለው፤ የትኛው ጎኑ እንደተቀደደ፣ ስንት ፓምፕ እንደተጠመደበት እናውቃለን። አሜሪካዊ ጠላቂዎቹ ስም፣ ጠባይ፣ ቀልድ አላቸው። የመርከቦቹን ሆድ የፋቁት፣ በዚያ ፀሐይ ከብረቱ ሥር ቆመው ዛጎሉን የነቀሉትና ቀለም የቀቡት የአገሩ ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጡት በጅምላ ነው። «ኔቲቭስ» ይላቸዋል፤ የዘመኑ ቃል ነው። ይበዛሉ፣ ያንሳሉ፣ ይፈጥናሉ፣ ይዘገያሉ። ልክ እንደ ኮምፕሬሰሮቹ።

«የ1946 መጽሐፍ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ዘመኑን አውቃለሁ። ክሴ ግን የሥነ ምግባር ብቻ አይደለም፤ የሙያም ነው። ኤልስበርግ የሚኮራው ነገር ሁሉ በዝርዝር በማየቱ ነው። አንድን ሳጥን ከሌላው ይለያል፤ ቫልቭን በቁጥር ያስታውሳል። ዶክ የሚነሳው መርከብ እንዲፋቅበት ነው፤ መርከብ ካልተፋቀበት የተንሳፈፈ ብረት ነው። ስለዚህ የሲስተሙ የመጨረሻ ክፍል፣ ሥራው በእርግጥ ሥራ የሚሆንበት ቦታ፣ እነዚያ እጆች ናቸው። በጣም በትኩረት የሚያይ ኢንጂነር ዓይኑ እዚያ ሲደርስ ይደበዝዛል። ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ እዚያው ወደብ ላይ ይሠሩ እንደሆነ፣ ጌታ ሲቀየር ምን እንደተቀየረላቸው አይጠይቅም። ያ ወደብ በሁለት ዓመት ውስጥ ከጣሊያን ወደ እንግሊዝ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካን የጥገና ሥራ ተላልፏል። ሦስቱንም ያየው ሰው የአገሩ ሠራተኛ ነበር። መጽሐፉ አጠገቡ ቆሞ ሳያነጋግረው አለፈ።

መርከቦቹስ? እነሱ ሌላ ሕይወት አገኙ። እንግሊዞች ማርከው ሥራ ላይ ያዋሉትን የንግድ መርከብ ስሙን ቀይረው «ኢምፓየር» የሚል ቃል ከፊቱ የመጨመር ልማድ ነበራቸው። የሰመጠ መርከብ አዲስ ስም ሲሰጠው፣ ያወጣው ሰው የነበረውን ስም እንኳን አልተመዘገበለትም።

ለእኛ ምን አለው?

ምፅዋ ዛሬ የኤርትራ ወደብ ናት፤ የዚህ መጽሐፍ ባለቤትነት ጥያቄም ከማንም በፊት የኤርትራውያን ነው። እኛ አማርኛ አንባቢዎች ግን ከዚያ ውሃ ጋር የራሳችን ታሪክ አለን። እሱም በመርከብ ዕጣ ሊነገር ይችላል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ ፓስፊክ ላይ «ኦርካ» የምትባል የአሜሪካ መርከብ ነበረች፤ ሥራዋ ባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና መስጠት ነው። በ1962 ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተሰጠች፤ ስሟም «ኢትዮጵያ» ሆነ። ትልቋ የባሕር ኃይሉ መርከብ እሷ ነበረች፤ ዕጩ መኮንኖች የሠለጠኑባት። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከሌሎች መርከቦች ጋር ወደ የመን ሸሸች። እዚያው ቆማ ቀረች፤ በ1993 በአውሮፓ አቆጣጠር ለብረታ ብረት ተሸጠች። ኦርካ ሆና ጦርነት ተርፋ፣ ኢትዮጵያ ሆና ሰው ሀገር ወደብ ላይ ተቆራርጣ አለቀች።

ስለ ባሕር ስናወራ፣ በተለይ አሁን ኦንላይን ላይ፣ የምናወራው ስለ ካርታ ነው። ማን ያዘው፣ ማን ሰጠው፣ ማን ይመልሰው። ክርክሩ ይቀጥል፤ እዚህ አልፈታውም። የኤልስበርግን መጽሐፍ ዘግቼ ሳስብ ግን ወደብ ካርታ ላይ ያለ ነጥብ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። ወደብ ፓምፕ ነው፣ ጠላቂ ነው፣ በየሰዓቱ የሚነበብ የግፊት መለኪያ ነው፣ ከመርከብ ሥር ቆሞ ዛጎል የሚፍቅ ሰው ነው። ጣሊያኖቹ ምፅዋን ሲገድሉ መሬቷን አልነኩም። የገደሉት ይህንን ነው። ኤልስበርግም ያስነሳው መሬቱን አይደለም።

ስለዚህ ፍርዴ እንዲህ ነው። «ከቀይ ባሕር ፀሐይ በታች» ስለ ጥገና ሥራ ካነበብኳቸው ሁሉ የሚበልጥ መጽሐፍ ነው፤ ግማሹን ሠራተኛ ግን አላየም። ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ከሆነ የዶኩን ምዕራፍ እርሳስ ይዛችሁ አንብቡት፣ ንድፉን እየሳላችሁ። የድል ንግግሮቹን መዝለል ትችላላችሁ። «ኔቲቭስ» የሚለው ቃል ጋ ስትደርሱ ግን አትዝለሉ፤ ቆም በሉና ስንት ሰው እንደሆኑ፣ ምን እየሠሩ እንደሆነ፣ ያ ሥራ ባይኖር ቀጣዩ አንቀጽ ይኖር እንደነበር ጠይቁ።

የሚቀጥለው መጽሐፍ ደግሞ ከሌላ ሰው መምጣት አለበት። ዘመድ ወይም ጎረቤት ውስጥ ባሕር ኃይል የነበረ፣ ሞተር ክፍል የሠራ፣ ብየዳ ወይም ራዲዮ ላይ የነበረ ሰው ያለው ብዙ አንባቢ እንዳለ እገምታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቃቸው ስለ መጨረሻው ቀን ነው፤ እንዴት ወጣችሁ፣ ማን ቀረ። እሱም ይጠየቅ። ከእሱ በፊት ግን ስለ አንድ ተራ ማክሰኞ ጠይቋቸው፤ የትኛው ፓምፕ ያስቸግር ነበር፣ መለዋወጫ ሲጠፋ በምን ትተኩት ነበር፣ አጠገብህ የሚሠራው ሰው ስሙ ማን ነበር። የሚሉትንም ጻፉት።